ከአያትሽ ዘመን ጀምሪ

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ ታሪክ ማለት ለእኔ ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ነበር። ስለዚህ ጠላሁት። አሁን ግን አያቴ ስለ ወንጂና ስለ አብዮቱ ጊዜ ስታወራኝ ምሽቱ እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም። በልብ ወለድ መልክ የተጻፈ ታሪክ ማንበብ እፈልጋለሁ። ሁለት መጽሐፍ ጀምሬ ተውኳቸው፤ ነገሥታቱ ሲፎክሩ ብቻ ሰለቸኝ። እናቴ ደግሞ ታሪክን ከልብ ወለድ መማር ውሸት መማር ነው ትለኛለች። ከየትኛው ልጀምር? እውነቱንስ ከፈጠራው እንዴት ልለየው?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከደረሰኝ ሳምንት ሆነው። የቆየሁት «ጀምሬ ተውኳቸው» ያልሽው ነገር ስላሳሰበኝ ነው። 30 ዓመት ገደማ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ታሪካዊ ልብ ወለድን የሚተወው መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የጀመረበት ቦታ አልገጥም ብሎት ነው። ሽፋኑ ላይ ጋሻና ጦር ያለበትን ያነሳል። ከዚያ ፉከራው፣ የዘር ቆጠራው፣ የማያውቀው ማዕረግ ይወርድበታል። አሥረኛው ገጽ ላይ ደጃዝማቹን ከግራዝማቹ መለየት ያቅተዋል። መጽሐፉም ወደ መደርደሪያ ይመለሳል።

እኔ የምመክርሽ ከቅርብ ጀምረሽ ወደ ኋላ እንድትሄጂ ነው። መጀመሪያ የምታነቢው አያትሽ የኖሩበትን ዘመን ይሁን። ያልገባሽን የምትጠይቂው ሰው እቤትሽ አለልሽ። ማዕረጉን፣ የልብሱን ስም፣ የእህሉን ዋጋ፣ የዘፈኑን ግጥም እሳቸው ያውቁታል። ደራሲው ካጋነነ ይስቁበታል። ልክ ከጻፈ ደግሞ ጨዋታውን ከእሱ ተቀብለው ይቀጥላሉ።

እዚህ አዳማ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን የምናነብ ጥቂት ሰዎች አለን። አንድ ጊዜ የ1966ቱን ረሃብ የሚመለከት ክፍል ድምፅ አውጥተን ስናነብ አንድ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አባት «እስቲ እዚህ ጋ ቆም በሉ» አሉን። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል የተረኩልን እሳቸው ነበሩ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቀረ። የዚያን ዕለት የተማርኩትን ከብዙ ዓመት የክፍል ትምህርት አላገኘሁትም።

የመጀመሪያው መጽሐፍሽ እንግዲህ የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ይሁን። ሦስት ክፍል አለው፦ የአብዮት ዋዜማ፣ የአብዮት መባቻ፣ የአብዮት ማግስት። የወሎን ረሃብ ይዞ ተነስቶ ሥርዓቱ እንዴት እንደተናጋ፣ እንዴት እንደወደቀ፣ ከወደቀ በኋላም ምን እንደመጣ ይከተላል። ጃንሆይ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን የተባለው የካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት ነው። እነዚህን ቀኖች ትምህርት ቤት ሸምድደሻቸው ይሆናል። ልብ ወለዱ ግን በሁለቱ ቀኖች መካከል ሰው እንዴት እንዳደረ ይነግርሻል። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ወሬውን አያንዛዛም። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብርሃኑ አብዮቱን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ደራሲው ራሱ የኖረበትን ዘመን ከጻፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ አይባልም» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩን አከብራለሁ። ለአንቺ ግን ብዙም አይጠቅምሽም። አንቺ ስትወለጂ አብዮቱ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ለአንቺ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ይህን ሳትሰሚ አልቀረሽም። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ይዞ የተጻፈ ነው። አሥመራና የናቅፋ ግንባር ያሉበት፣ ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ የሚተርከው ታሪክ ነው። በዓሉ ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ኃላፊ ነበር፤ የጻፈውን ከውስጥ ሆኖ ያውቀዋል። መጽሐፉ በ1975 ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቅሽ ስታነቢው እጅሽ ይከብዳል። በየገጹ ደራሲው ምን ያህል እንደደፈረ ይታይሻል። የፍቅሩን ክፍል ብቻ የሚያነቡ አሉ፤ እሱም ደስ ይላል። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ስብሰባዎቹ ነው። ባለሥልጣናቱ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ፣ ማን ምን እንደሚፈራ፣ ማን በማን ላይ እንደሚስቅ ልብ ብለሽ እዪ። የዘመቻውን ሪፖርት ብታነቢ ይህን አታገኚውም።

እዚህ ጋ ስለ ዓመተ ምሕረት ላስጠንቅቅሽ፤ ብዙ ተማሪ ያደናገረ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር 1974 ስንል የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ላይ 1974 ካየሽ ግን የጃንሆይ መውረድ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነውን ልዩነት መጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ በእርሳስ ጻፊው። እኔ እስከ አሁን እጽፋለሁ።

ከአብዮቱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትሄጂ የባላባትና የገባር ዘመን ላይ ትደርሻለሽ። እዚያ የሚጠብቅሽ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። «ይሄማ የፍቅር ታሪክ አይደል?» ትይኝ ይሆናል። ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ያለቀሰው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ነው። አያትሽ የወጋየሁን ድምፅ እንደሚያስታውሱት እርግጠኛ ነኝ፤ ጠይቂያቸው። እኔ ግን ለአንቺ የምመክርሽ በሌላ ምክንያት ነው። ባላገሩ ለጌታው ምን እንደሚያገባ፣ በዓል ሲመጣ ምን እንደሚሸከም፣ ጌታው ከሚገባው በላይ ሲጠይቅ ምን እንደሚከተል የዚህን ያህል ያሳየኝ ልብ ወለድ የለም። ፊታውራሪ መሸሻን ስታነቢ ትስቂያለሽ። እየሳቅሽ ግን ሥርዓቱ ይገባሻል። አበጀ በለው ገበሬውን ይዞ ሲነሳ ደግሞ የመሬት ጥያቄ ከየት እንደመጣ በራስሽ ታገኚዋለሽ። ጉዱ ካሳ የሚናገረውን ግን ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ሁለት ጊዜም ቢሆን።

መጽሐፉ ወፍራም ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ስለ በዛብህ ወላጆች ናቸው፤ አንዳንዱ አንባቢ እዚያ ላይ ይደክመዋል። እባክሽ አትዝለያቸው። ውድነሽና ቦጋለ ባይኖሩ በዛብህ የተሸከመው የስለት ነገር ክብደቱ አይገባሽም።

ቀጥሎ የጣሊያን ጊዜ ነው። ይህ ዘመን ለእኔ ልዩ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ስለ አምስቱ ዓመት ወረራ ብዙ ማስታወሻና የሕይወት ታሪክ አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ታስረው የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። እሱ ልብ ወለድ አይደለም፤ ግን ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ ልብ ይሰቅላል። በልብ ወለድ በኩል ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አለ፤ የማዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ»። በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባ። እንግሊዝኛሽ መድኃኒት መግለጫ የሚያነብ ከሆነ ለዚህም ይበቃል። ቀስ ብለሽ ሂጂበት።

ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ኪዳኔና አስቴር ቤት ታገለግላለች። ያላት ንብረት አባቷ የተወላት ውጅግራ ጠብመንጃ ብቻ ነው። ጦርነት ሲመጣ ጌታዋ ኪዳኔ ያን ጠብመንጃ ይወስድባታል። ታሪኩ የሚነሳው ከዚህች በደል ነው። ንጉሡ ከአገር ሲወጡ ደግሞ ምንም የሚባል፣ መልኩ ከንጉሡ ጋር የሚመሳሰል ድሃ ሰው ተመርጦ ንጉሥ ሆኖ ለሕዝቡ እንዲታይ ይደረጋል። ምንም! ስሙን እዪው። ሰውየው ምንም ነበር፤ በአንድ ጊዜ የአገር ተስፋ ሆነ። አማርኛ የማያውቅ አንባቢ ይህ ስም ያለፈው ይመስለኛል፤ አንቺ ግን ገና ስታይው ትደነግጫለሽ።

ይህን መጽሐፍ የምወደው ለሴቶቹ ነው። በአምስቱ ዓመት የነበሩትን ሴቶች ስናነሳ ስንቅ አዘጋጁ፣ ቁስለኛ አስታመሙ ብለን እናልፋለን። ያንን አድርገዋል። ግን የተዋጉም ነበሩ፤ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው የታወቀ አርበኞች አሉን። ስማቸው ያልተጻፈው ይበልጣል። ሂሩት ፈጠራ ናት፤ የእሷ ዓይነት ሴቶች መኖራቸው ግን ፈጠራ አይደለም። እናትሽ «ውሸት» የሚሉትን ነገር እዚህ ጋ ብመልስላቸው ደስ ይለኝ ነበር። ስም ያልተጻፈለትን ሰው በታሪክ መጽሐፍ ብትፈልጊ አታገኚውም። ልብ ወለድ ነው ስም የሚያወጣለት።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ጃንሆይ ከአዲስ አበባ የወጡት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በባቡር፣ ወደ ጅቡቲ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያ ባቡር ያለፈው በእኛው ከተማ በኩል ነው፤ ሌላ መስመር አልነበረም። የቀድሞው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ሐዲዱ ዳር የቆመ ሰው ነበር ወይ? ባቡሩ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቅ ነበር? የማዓዛ መጽሐፍም የሚጀምረው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ዓመቱ 1974 እ.ኤ.አ. ሆኖ፣ ሂሩት አዲስ አበባ ለገሃር ተቀምጣ አንድ የቀድሞ የጣሊያን ወታደር ስትጠብቅ።

ከጠላት ወገን የተጻፈም አንብቢ። ኤኒዮ ፍላያኖ የሚባል ጣሊያናዊ ስለ ወረራው አንድ ልብ ወለድ ጽፏል፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የመግደያ ጊዜ» ዓይነት ነው። አንድ መቶ አለቃ ጥርሱን ታሞ ሐኪም ፍለጋ ሲሄድ መንገድ ይስታል፤ ወንዝ ዳር አንዲት የአገራችንን ሴት ያገኛል፤ መጨረሻው ደም ነው። የሚያናድድ መጽሐፍ ነው። ሴትዮዋ እምብዛም አትናገርም። ፍላያኖ ግን ወታደሩን ጀግና አያደርገውም፤ በጥፋቱ ሲበሰብስ ያሳየዋል። የታንዛኒያው አብዱልራዛቅ ጉርናህ ደግሞ «አፍተርላይቭስ» በሚለው መጽሐፉ ለጀርመን ሲዋጉ የነበሩትን አፍሪካውያን ወታደሮች፣ አስካሪዎችን፣ ይተርካል። አስካሪ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን። በእኛ በኩል ቃሉ ሲነሳ የሚመጣው ቁጣ ነው። ጉርናህ ቁጣውን ሳይክድ «ይህ ልጅ ለምን ገባበት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በአማርኛ በደንብ የጠየቀ ልብ ወለድ ባነብ ምኞቴ ነው።

እዚህ ስትደርሺ ቴዎድሮስን ለማንበብ ዝግጁ ነሽ። አሁን ነው እንጂ ያኔ አልነበረም።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደራሲዎቻችን በቴዎድሮስ ተይዘው ነበር። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ጻፈ። አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጻፈ። በቲያትሩም እንዲሁ ነበር። ለምን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ካሳ (ቴዎድሮስ ከመንገሡ በፊት የሚጠራበት ስም ነው) ዞሩ? የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ቴዎድሮስ ዙፋን የወረሰ ሰው አልነበረም። ጠላቶቹ እናቱን ሊሰድቡ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሠው በክንዱ ነው። ሥልጣን በዘር ሐረግ በሚቆጠርበት በጃንሆይ ዘመን፣ ሳንሱር ባለበት አገር፣ ስለ እንዲህ ያለ ንጉሥ መጻፍ ስለ ዛሬው ሳይናገሩ መናገር ነበር። «አንድ ለናቱ» የሚለውን ርዕስ እዪው፤ ያችን የተሰደበች እናት ይዞ ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ታሪካዊ ልብ ወለድ ስታነቢ ሁለት ዓመተ ምሕረት ያዢ። አንዱ ታሪኩ የሆነበት ነው። ሌላው መጽሐፉ የተጻፈበት ነው። የቴዎድሮስ ልብ ወለድ ስለ 1850ዎቹ የሚነግርሽን ያህል ስለ 1950ዎቹም ይነግርሻል። ንጉሡ ስለ ሥልጣኔና ስለ አንድነት ረጅም ንግግር ሲያደርግ ቆም በይ። ቴዎድሮስ ነው የሚናገረው ወይስ ደራሲው? አቤ ጉበኛ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይመጣል። አቤ ስብከት ይወዳል፤ አንዳንዴም ታሪኩን አቁሞ ይሰብካል። እኔ ለዚህ አልቀየመውም። የሚለው ነገር ከልቡ ነበር፤ ዋጋም ከፍሎበታል። ለመጀመር ግን የብርሃኑ ይቀልሻል። ብርሃኑ በዚያው ዘመን ላይ ያቆመው «የታንጉት ምስጢር» የሚባል ሌላ ልብ ወለድም አለው፤ ካገኘሽው አትለፊው።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከንጉሡ ዓይንሽን አንስተሽ በዙሪያው ያሉትን እዪ። ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ። ዛሬም መቅደላ ላይ ነው ያለው። የጎተቱት ሰዎች ምን እየበሉ ነበር? መንገዱን ማን ቆፈረው? የሞተውን ማን ቀበረው? ደህና ደራሲ ከዚህ አንዱን እንኳ ይመልስልሻል። ደካማው ንጉሡን ኮረብታ ላይ አቁሞ ያስፎክረዋል። ጀምረሽ የተውሻቸው ሁለት መጻሕፍት የትኞቹ እንደሆኑ አልነገርሽኝም። ችግራቸው ይህ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

ከመቅደላ በኋላ ስላለው ነገር ልቤ የሚሰበረው በቴዎድሮስ ልጅ ነው። ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ስለ አባቱ ይህን ያህል ተጽፎ ስለ እሱ የምናወራው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

መንገዱ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ታገኚዋለሽ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው። ልብ ወለድ የሚለው የዛሬው ስማችን እንኳ ከዚህ ርዕስ ጋር የተያያዘ ነው። አጭር ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። አባቷ የተማረከባት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትንከራተትበት ታሪክ ነው፤ ዋሕድ የሚባል መንታ ወንድም አላት። አማርኛው ያረጀ ነው፤ ግን ይጣፍጣል፤ ድምፅ አውጥተሽ ካነበብሽው ይበልጥ ይገባሻል። አፈወርቅ በኋላ በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጎን ቆመዋል። ይህንን ማወቅ ያስፈልግሻል። መጽሐፉን ለመጣል ግን ምክንያት አይሁንሽ።

አሁን ወደ እናትሽ ነገር ልመለስ። ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ፈተና ሳርም የቴዎድሮስን ንግግር ከልብ ወለድ ቀድቶ «ንጉሡ እንዲህ ብለዋል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ብዙ አጋጥሞኛል። አንድም ሰው ቆሞ ያልጻፈውን የጓዳ ወሬ ደራሲው ከየት አመጣው? ከራሱ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልመድብሽ። በልብ ወለድ ውስጥ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጦርነቱና ሹመቱ ሊመሳከር ይችላል። ለዚያ አንድ የታሪክ መጽሐፍ አጠገብሽ ይኑር። የባሕሩ ዘውዴ በአማርኛም አለ፤ ከ1847 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ይዞ እስከ ቅርቡ ይመጣል፤ እዚህ ለዘረዘርኩልሽ ለአብዛኛው ይበቃል። ለቴዎድሮስ ደግሞ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ አለ። በዘመኑ የነበሩት የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕልም አለ፤ እሱ ከተገኘ ዕድለኛ ነሽ። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሆነው የሚነጋገሩት ነገር፣ በልባቸው የሚያስቡት፣ ሕልማቸው ግን ፈጠራ ነው። ያንን ለሰው ስትነግሪ «ታሪክ ነው» አትበይ። «እከሌ እንዲህ ብሎ አስቦታል» በይ።

አንዳንዴ ደራሲው ራሱ ምልክት ይተውልሻል። አብርሃም ቨርጊዝ እዚህ አገር የተወለደ ሐኪም ነው። «ከቲንግ ፎር ስቶን» በሚለው ልብ ወለዱ የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር የሚመስል መፈንቅለ መንግሥት አለ። የመሪው ስም ግን መብራቱ ነው። በእውነተኛው ታሪክ መሪው ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። ስሙን የቀየረው ሳያውቅ አይደለም። ስም ሲቀየር «ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው፤ ታሪኩን ሌላ ቦታ ፈልጊ» እያለሽ ነው። አንቺ የሕክምና ሰዎች መካከል ስለምትውይ ይህ መጽሐፍ በሌላ በኩልም ደስ የሚልሽ ይመስለኛል።

ስለ ግዢው ትንሽ ልበል። የቆዩት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ደጋግመው ታትመዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ና «ኦሮማይ» በቀላሉ ይገኛሉ። «ማዕበል»ን መፈለግ ይኖርብሻል። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋ ስትሄጂ ገጹን ሳትቆጥሪ አትክፈዪ። እኔ አንድ ጊዜ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ገዝቼ መሃሉ ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ጠፍቶ አግኝቼዋለሁ። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ግን በተለይ ደራሲው በሕይወት ካለ ተዪው። የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ለእኛ የአንድ ምሳ ነው፤ ለጸሐፊው የዓመታት ሥራ ነው።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው ቀድሞ ኢንዶኔዢያ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ማዶ የመጡ ሰዎችና ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ የመጡ ወገኖቻችን አንድ የሸንኮራ ማሳ ላይ ተገናኙ። በጥቂት ዓመት ልዩነት ቆቃ ላይ ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ ግድብ ተሠራ፤ ወንዙ ሐይቅ ሆነ። ይህ ሁሉ ከአዳማ በጋሪና በአውቶቡስ በሚደረስበት ርቀት የሆነ ነው። ይህን የሚተርክ ትልቅ ልብ ወለድ እስከ ዛሬ እጄ አልገባም። ሸንኮራ ቆራጩ፣ የፋብሪካው ጥሩንባ፣ የደመወዝ ቀን ገበያው፣ ከአብዮቱ በኋላ ፋብሪካው የመንግሥት ሲሆን የተፈጠረው ደስታና ግራ መጋባት፣ ሁሉም በሽማግሌዎቹ አፍ ላይ ነው ያለው። አያትሽ አንዷ ናቸው። ምሽት ምሽት ሲያወሩሽ ፈቅደውልሽ ስልክሽን ከፍተሽ ድምፃቸውን ያዢው። ቀኑንና ቦታውን በደብተር ጻፊው።

«ማዕበል»ን አላገኘሁም ካልሽ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ብቅ በይ። ሦስቱም ክፍል እኛ ጋ አለ፤ በየተራ እናውስሻለን። አያትሽ መንቀሳቀስ ከቻሉ ይዘሻቸው ነይ። የሚመቻቸውን ወንበር እኛ እናዘጋጃለን፤ ስለ ወንጂ የምንጠይቃቸው ብዙ ነገር አለን።